በፌስታል የመጡት ሁለት ዓሣዎች

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ነውሬ በልኩ እንዲታወቅልኝ ነው። እንስሳ የያዘውን ቦታ እንዴት እንደሚከላከል፣ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ላብ እያጠመቀኝ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ያን ቀን ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ከትዕቢት በቀር ምንም አልነበረም።

የምኖረው ማሾ የሚነግዱ አንድ ሐጂ ግቢ ውስጥ ነው። ከተከራዮቹ ሁሉ የቆየሁት እኔ ነኝ። ክፍሌ ውስጥ አንድ የመስታወት አኳሪየም አለኝ፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ኤንጅል የሚባሉ አራት ዓሣዎች። ጠፍጣፋ ናቸው፤ ክንፋቸው ወደ ላይም ወደ ታችም እንደ ነጠላ ዘርፍ ይንዘረፈፋል። ሌላ አገር የውሃ ማሞቂያ ይፈልጋሉ፤ ሮቢት ላይ የክፍሌ ቆርቆሮ ይበቃቸዋል። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ በእነሱ ነበር የምኮራው። እንግዳ ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ ወደ እነሱ እወስደዋለሁ። "ጨዋ ናቸው፤ በሥነ ሥርዓት ነው ያሳደግኳቸው" እል ነበር።

ትምህርት ሊከፈት ሰሞን አንዲት ወጣት የሒሳብ አስተማሪ ከአዲስ አበባ ተመድባ መጣች። ክፍል ያፈላለግኩላት እኔ ነበርኩ፤ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ሆነች። ከአውቶቡስ ስትወርድ በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው ባልዲ ይዛለች። ባልዲው ውስጥ ውሃ የሞላባቸው ሁለት ፌስታሎች፣ በየፌስታሉ አንድ አንድ ኤንጅል፣ አንዱ ነጭ፣ አንዷ ጥቁር! ከጫጩትነታቸው ያሳደገቻቸው ናቸው፤ ትታቸው ለመምጣት አንጀቷ አልቻለም። ደብረ ሲና ላይ ሲበርዳቸው ባልዲውን በጋቢ ጠቅልላ፣ ቁልቁለቱን ወርደው ሲሞቃቸው ጋቢውን ገልጣ፣ እንዲያ ስታስታምም ነው የመጣችው።

ሐጂ አንድ ልማድ አላቸው። ከደጋ የወረደ ሰው ግቢያቸው ሲመጣ በቀጥታ ክፍሉ አያስገቡትም። ማንጎው ጥላ ስር አግዳሚው ላይ ያስቀምጡታል፤ ውሃውንም በትንሽ በትንሹ ነው የሚሰጡት። "ቆላ ቀስ ተብሎ ነው የሚገባው" ይላሉ። የዛሬ ስንት ዓመት እኔንም እንደዚሁ አስቀምጠውኛል። እሷንም አስቀመጧት።

ባልዲዋን እግሯ መሀል አድርጋ ተቀምጣለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ፣ "በይ አምጫቸው፣ ከእኔዎቹ ጋር ይግቡ" አልኳት።

"ጋሼ፣" አለች ፈራ ተባ እያለች፣ "ለጥቂት ቀን ለብቻቸው ቢቆዩስ? ካልሆነም ሙቀቱን እስኪለምዱ ፌስታሉ መጀመሪያ ውሃው ላይ ይንሳፈፍና… የእርስዎዎቹ ደግሞ ቦታ ይዘዋል። ድንጋዮቹን ብናዘዋውር፣ መብራቱን ብናጠፋ…"

"እንዴ! እንግዳ ደጅ ይቆማል እንዴ? ነውር አይደለም?" ብዬ ሳቅሁባት። ውስጤ ግን ተቆጥቷል። ትናንት ከኮሌጅ የወጣች ልጅ ስለ ዓሣ ልታስተምረኝ!

ሐጂ ከመቁጠሪያቸው ቀና አሉ። "መምህር፣ ሰው እንኳ ጥላ ይሻል እኮ፣ ወላሂ" አሉኝ።

"ሐጂ፣ የዓሣውን ነገር ለእኔ ይተዉልኝ" አልኳቸው። እሷ አንገቷን ደፋች። "እርስዎ ያውቃሉ" አለችና ባልዲውን አቀበለችኝ።

ክፍሌ ገብቼ ፌስታሎቹን ቀድጄ አኳሪየሙ ውስጥ ዘረገፍኳቸው። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል፤ የእኔ ጨዋዎች መዳብ ላይ ለመድረስ አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ድንጋዩ አጠገብ ያለውን ጥግ የያዘው ትልቁ ዞር ብሎ አየና ተወረወረ። ሌሎቹም ተከተሉት። ነጩን እንግዳ ከጥግ ጥግ እያሳደዱ ክንፉን ይቦጭቁት ጀመር። እሷ በሩ ላይ ቆማ ከንፈሯን ነከሰች። "መተዋወቃቸው ነው፣ ሂጂ እረፊ" አልኳት፤ ሄደች።

ላወጣቸው እችል ነበር። ባልዲው እግሬ ስር፣ መረቡ ግድግዳው ላይ ነው። ማውጣት ማለት ግን "ልክ ነበርሽ" ማለት ሆነብኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ? በሩን ዘጋሁና ገበያ ወጣሁ።

ስመለስ ነጩ በጎኑ ተንሳፍፏል። ክንፉ ተበጣጥሷል፤ አንድ ዓይኑም የለም። ሌላዋ፣ ጥቁሯ፣ ከአየር ፓምፑ ቱቦ ጀርባ ተወትፋ ትንቀጠቀጣለች። ነጩን አወጣሁት። ከዚያ ያደረግሁትን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል፦ የተቦጨቀው ጎኑ እንዳይታይ ወደ ውስጥ አድርጌ በጋዜጣ ጠቀለልኩትና በሯን አንኳኳሁ።

ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ "ሙቀቱ ነው። መንገዱም ከብዶታል፤ ቆላ ላልለመደው አይሆንም" አልኳት።

ጋዜጣውን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ" አለች። "ለእህቴ ትቼው መምጣት ነበረብኝ። ውሃዎንም አበላሸሁብዎት፣ ይቅርታ።"

ይቅርታ! እኔን! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አፌ ግን ምን አለ? "ግድ የለም፣ ያጋጥማል" አለ።

ከዚያው ማታ ጀምሬ ተደብቄ እሷ ያለችውን ሁሉ አደረግሁ። ጥቁሯን ለብቻዋ ባልዲ ውስጥ አቆየኋት። ክንፏ ሲያገግም የአኳሪየሙን ድንጋዮች አውጥቼ ቦታቸውን ቀያየርኩ፤ መብራቱን አጥፍቼ፣ ውሃውን በትንሽ በትንሹ እየቀላቀልኩ አስገባኋት። አራቱም የየራሳቸውን ጥግ ፍለጋ ሲባዝኑ እሷን ልብ ያላትም የለ። "አየሽ፣ ተላመደች!" ብዬ ልጅቷን ጠርቼ አሳየኋት። አመሰገነችኝ።

ዓመቱ እንዲህ አለቀ። ሥራ ላይ "ጋሼ" ስትለኝ፣ ከገበያ ሎሚ ገዝታ ስታመጣልኝ፣ ያ ጋዜጣ ይታየኛል። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ አልቻልኩም። ማንጎው ስር ተቀምጣ የፈተና ወረቀት ታርማለች፤ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ያ ነጩ ዓሣ በሙቀት አይደለም የሞተው" አልኳት።

እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አላነሳችም። "አውቃለሁ፣ ጋሼ። እዚሁ ማንጎው ስር ስቀብረው ጋዜጣውን ፈትቼ አይቼው ነበር።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? ጭራሽ ይቅርታ ጠየቅሽኝ እኮ!"

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ የለባትም።

"አዲስ ገቢ ነበርኩ፣ ጋሼ" አለች። "እዚህ አገር የማውቀው ሰው እርስዎን ብቻ ነበር። ከእርስዎ ተጣልቼ የት እገባ ነበር?"