ከአሮጌው ሦስት እጥፍ

ትልቋ ጸጉር ስታጥብ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ትሰበስባለች። ደንበኛዋ ማጠቢያው ላይ አንገቷን ጥላ ዐይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የምታየው ጣሪያውን አይደለም፤ በትልቋ ግራ እጅ አንጓ ላይ የተነቀሰውን የወንድ ስም ነው። አራት ፊደል ነው፣ ሦስተኛው ትንሽ ዘመም ብሏል። "ባልሽ ነው?" ብላ ያልጠየቀች ደንበኛ አላየሁም። ትልቋም አረፋውን እያሸች፣ ድምጿን ሳትቀንስ፣ "የእህቴ ባል ነው" ትላለች።

እህቷ ደግሞ አጠገቧ ባለው ማጠቢያ ላይ ቆማለች።

አራት ዓመት እንዲህ ኖሩ። እኔ በሩ አጠገብ ጥፍር የምሠራው ነኝ፤ ፊቴን ለመስታወቱ ሰጥቼ ስለምቀመጥ የሚያመልጠኝ ነገር የለም። ደንበኞች ሁለቱን ትልቋና ትንሿ ይሏቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ጸጉር ቤቱ የእናታቸው ነው። እናትየው ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ መግቢያው ላይ ካለችው ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠው ይውላሉ፤ "ከሁለት አንዳችሁ ከዚህ ቤት የወጣችሁ ቀን እኔ ሞቻለሁ ማለት ነው" ብለው ስለማሉ ማንም አልወጣም።

ሰውየው የሻምፖና የጸጉር ቅባት አከፋፋይ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ካርቶን ተሸክሞ ይመጣል። መጀመሪያ ትልቋን አገባ፤ በተጋቡ በዓመቱ ስሙን አንጓዋ ላይ አስነቀሰች። በአምስተኛው ዓመት ሻንጣውን ይዞ ወጣና ሁለት መንገድ ተሻግሮ ከትንሿ ጋር ቤት ተከራየ። ካርቶኑን ማምጣት ግን አላቆመም። ዐይኑን በጨው አጥቦ "እንዴት ዋላችሁ" ይላል፣ እናትየውም ፈርመው ይቀበሉታል። እኔ ብሆን ካርቶኑን አናቱ ላይ ነበር የምገለብጥለት።

ትልቋ አልጮኸችም፣ አልተማታችም። ፍቺውን አልፈርምም አለች እንጂ። ስለዚህ ትንሿ አራት ዓመት ሙሉ ሚስት ሳትባል ከሰው ባል ጋር ኖረች። ስሙንም አላጠፋም አለች። ትንሿ ያልለመነችበት ቀን የለም።

"እትዬ፣ በናትሽ ሸፍኚው። ሰው ሁሉ ይስቅብኛል።"

"ቆዳው የኔ፣ ስሙም የባሌ። ካላመንሽ ሂጂና ወረቀቱን አንብቢ።"

ትንሿ ተመልሳ የደንበኛ ጸጉር በቢጉዲን መጠቅለል ትጀምራለች። የጠቀለለችውን መልሳ ትፈታዋለች።

ትንሿን ወድጃት አላውቅም። ሳቂታ ናት፤ የእህቷን ባል የወሰደች ሴት እንደዚያ ስትስቅ ማየት ያናድደኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ለምን ዝም አልሽ ለሚለኝ ሰው መልስ ይሆናል ብዬ ነው።

አንድ ሐሙስ ትንሿ እናቷን ሐኪም ቤት ይዛ በሄደችበት ሰዓት ሰውየው ያለ ካርቶን መጣ። በእጁ የፕላስቲክ ማኅደር ይዟል። ደንበኛ አልነበረም፤ እኔ መሞረጃዎቼን አጸዳ ነበር።

"ፈርሚልኝ" አላት። "እዚህ ያለውን ሥራ ለሌላ ሰው እያስረከብኩ ነው። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ወደ ሌላ ከተማ እዛወራለሁ።"

"ልታገባት?"

ጫማውን አየ። "እሷን አይደለም። እዚያ አንዲት ሴት አለች። አርግዛለች።"

ትልቋ ቁጭ አለች። የሚያዞራት መስሎኝ ተነሣሁ። አላዞራትም፤ እያሰበች ነበር።

"ለእህቴ ነግረሃታል?"

"ከሄድኩ በኋላ ብታውቅ ይሻላል። አንቺም እባክሽን... ታውቂያታለሽ፣ አገር ይያዝልኝ ትላለች።"

"አውቃታለሁ" አለች ትልቋ። "ስጠኝ።"

ወረቀቱን የኔ ጠረጴዛ ላይ፣ በጥፍር ቀለም ጠርሙሶቹ መካከል ዘርግታ ፈረመች። ምስክር ያስፈልጋል ሲል እስክሪብቶውን ወደኔ ገፋችው። ፈረምኩ። አራት ዓመት እንቢ ያለች ሴት ስትፈርም እጇ ንቅንቅ አላለም። የዘለለው የኔ ፊርማ ነው።

በማግስቱ ትንሿ በሩን በርግዳ ገባች። ሰውየው "ፈርማለች" ብሎ ነግሯታል፤ የቀረውን ራሷ ሞልታዋለች። የትልቋ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

"ይቅር አልሽኝ አይደል፣ እትዬ? እግዜር ይስጥሽ። የሥራ ጉዞ አለበት፣ ከዚያ ሲመለስ እንጋባለን።"

እናትየው ከጠረጴዛቸው ጀርባ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው "ተመስገን፣ ይህን ሳላይ አልሞትኩም" አሉ። ትልቋ የእህቷን ጀርባ እየደባበሰች በመስታወቱ ውስጥ እኔን አየችኝ። ዐይኗ ደረቅ ነበር።

"እንዲያውም ስሙንም እሸፍነዋለሁ" አለች።

ሰኞ ጸጉር ቤቱ ስለሚዘጋ አብሬያት ነቃሹ ዘንድ ሄድኩ። ከመድኃኒት ቤት በላይ ባለች ነጭ ክፍል ውስጥ የሚሠራ፣ ቁጥብ ሰው ነው። አንጓዋን አገላብጦ አየና አስረዳት።

"አሮጌ ቀለም የሚሸፈነው ከሱ በጠቆረ ነው። ደግሞ ከአሮጌው ሦስት እጥፍ መሆን አለበት፤ አለዚያ ሰው አተኩሮ ካየ ያገኘዋል።"

"ለአራት ፊደል ክንዴን ሙሉ?"

"ሌላ መንገድ የለውም፣ እመቤት።"

አራት ሰዓት ፈጀበት። ከአንጓዋ ተነሥተው ወደ ክርኗ የሚወጡ፣ ጠቆር ያሉ ሰፋፊ ቅጠሎች ሠራላት። የፊደሎቹ እግሮች የቅጠል ጅማት ሆኑ፤ ዘመም ያለው ፊደል የተጠቀለለ የቅጠል ጫፍ ውስጥ ገባ። ሲድን ክንዷን በጥፍር መብራቴ ሥር አስቀምጬ ፈለግኩ። ስሙን አውቀዋለሁ፣ የት እንደነበርም አውቃለሁ፤ አንዲት ፊደል አላገኘሁም። እንደዚያ ያለ ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ደንበኞች "ማነው?" ማለት ትተው "የት ነው ያሠራሽው?" ማለት ጀመሩ።

ቁስሉ እስኪደርቅ ውሃ እንዳይነካው ተብሎ ስለነበር፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ የትልቋን ደንበኞች ያጠበችው ትንሿ ናት። ማንም አላዘዛትም። የራሷን ጨርሳ የእህቷን ታጥባለች፣ ሲመሽ ወገቧን ይዛ ትወጣለች። "እትዬ፣ አንቺ ተቀመጪ" ትላለች። ትልቋም ትቀመጣለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ትንሿ የእህቷን ክንድ ይዛ ቅጠሎቹን በጣቷ እየተከተለች፣ "ስሙ አሁን ማንም ላይ የለም ማለት ነው" አለች። "እኔ ላስነቅሰው እንዴ?"

ትልቋ እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ የሰውየው ክፋት ብቻ ሆኖ ያልፍ ነበር።

"ያምርብሻል" አለቻት። "እዚያው ነቃሽ ጋ እኔው እወስድሻለሁ።"

ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ትንሿ ጥፍሯን ልትሠራ ጠረጴዛዬ ላይ እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ በሻምፖ ተላልጠዋል፤ የእህቷን ድርሻ ስታጥብ የተላላጡ ናቸው። አንጀቴን በላችው።

"ስሚኝማ" አልኳት።

ቀና ብላ ሳቀች፣ ያንኑ ሳቋን። ትልቋ ከጸጉር ማድረቂያው ካስክ ጀርባ ሆና በመስታወቱ ታየኛለች።

"ምን ዓይነት ቀለም ልቀባሽ?" አልኳት።

"ቀይ። ለሙሽራ የሚሆን።"

ቀይ ቀባኋት። ትልቋን ፈርቼ ነው እያልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን አታልያለሁ። አልፈራኋትም፤ መጨረሻውን ማየት ፈልጌ ነው።

ሰኞ ሄዱ። ትንሿ መርፌ ትፈራለች። ማክሰኞ ጠዋት ለደንበኛው ሁሉ "እትዬ እኮ እንደ ሕፃን እጄን ይዛኝ ነበር" እያለች አወራች። አራቱ ፊደሎች በግራ አንጓዋ ላይ፣ የእህቷ በነበሩበት ቦታ፣ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። ይኼኛው ነቃሽ ጎበዝ ስለሆነ የዘመመ ፊደል የለም። ሰውየው ሲያየው ምን እንዳለ ጠየቅኳት። "ዝም ብሎ ሳመኝ" አለች። ዓርብ ሻንጣውን ይዞ ለሥራ ወጣ።

በቀጣዩ ሐሙስ ካርቶኑን ሌላ ሰው ይዞት መጣ። ወፍራም፣ ላብ ያጠመቀው፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ምንም አያውቅም። እናትየው "ያኛውስ?" አሉት።

"እሱማ ተዛወረ እኮ፣ እማማ። እሑድ ሠርጉ ነበር፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰው በሙሉ ሄደን ነበር። ሚስቱም ለመውለድ ተቃርባለች። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።"

ትንሿ የቢጉዲን ሳጥን ይዛ ቆማ ነበር። ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ ዝግ ነው። እንደገና ደወለች። አዲሱ ሰው ካርቶኑን ደርድሮ፣ ደህና ዋሉ ብሎ ወጣ። ከዚያ ትንሿ እህቷን አየች። ትልቋ ደንበኛ እያጠበች ነበር፤ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ተሰብስቧል፣ ቅጠሎቹ በውሃ ያብረቀርቃሉ።

"ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከፈረምኩ ቀን ጀምሮ።"

ትንሿ አንጓዋን በሌላ እጇ ያዘች። "እጄን ይዘሽኝ ነበር እኮ፣ እትዬ።"

"ስለሚያም ነዋ" አለች ትልቋ።

ትንሿ ወደኔ ዞረች። እኔ የደንበኛዬን አውራ ጣት መሞረድ ቀጠልኩ። "ምስክሬ እሷ ናት" አለቻት ትልቋ በኔ ፋንታ። እናትየው "ምንድን ነው? ታርቃችሁ የለም እንዴ?" እያሉ ለመነሣት ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እንቢ አላቸው።

ትልቋ ውሃውን ዘጋች። እጇን በፎጣ አደረቀችና መጥታ የእህቷን ክንድ ወደ መስኮቱ አዞረችው። ቅርፊቱ ገና አልረገፈም። ድምጿ ለደንበኛ እንደምታወራበት ድምፅ ለስለስ ያለ ነበር።

"አሁን አይነካም፤ ሁለት ወር ያህል ይቆይ። ከዚያ ነቃሹ ጋ እኔው እወስድሻለሁ፣ እንደሚችልበት አይተሻል። ትልቅ ነው የሚሆነው ግን፤ ከአሮጌው ሦስት እጥፍ። እስከዚያ ደንበኛ ማነው ብላ ከጠየቀችሽ፣ የእህቴ ባል ነበር በያት።"

ተመልሳ ውሃውን ከፈተች።

ሁለት ወሩ ካለፈ ቆይቷል፣ ትንሿ ግን ነቃሹ ዘንድ አልሄደችም። የእናቷ መሐላ ስላለ ከቤቱም አልወጣችም። እጅጌዋን ሳትሰበስብ ታጥባለች፣ ቀኑን ሙሉ ክርኗ ድረስ እርጥብ ልብስ ለብሳ ትውላለች። ጥፍሯን እኔ ጋ መሠራት ትታለች።