እስከ አፉ የተሞላ ባትሪ

ሚሎይካ ሠላሳ አራት ዓመት የሞተር መቆጣጠሪያ ስትሠራ ሾፌር ከስሷት አያውቅም። ሎይዜ ከሰሳት። የተራራው መንደር አዲሱ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ቁልቁለት ላይ ይለቅብኛል ብሎ ለማዘጋጃ ቤቱ ጻፈ። ማዘጋጃ ቤቱም እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ኤሌክትሪኩን ለፋብሪካው መልሼ አሮጌውን የናፍጣ አውቶቡስ አሰማራለሁ አለ።

አውቶቡሱ ከጡረታ በፊት የመጨረሻ ሥራዋ ነበር። ሾፌሩ እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሳ ሞተሩ ራሱ እንደ ፍሬን መኪናውን ይይዛል፤ የያዘበትንም ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሳል። ያ አያያዝ ተሳፋሪ እንዳያንገላታ ሁለት ክረምት ለፍታበታለች።

አለቃዋ ቦጎሚር መዝገቡን አገላብጦ አንድም ብልሽት አጣ። ጠዋት በአራት ሰዓት፣ እንደ ወትሮው ሥራ ቆሞ ሁሉም የገብስ ሾርባውን ሲጠጣ፣ ሰውየው ናፍጣ ለምዶ ነው ተባለና ተሳቀ። ሚሎይካ አልሳቀችም። ከሎይዜ ጋር አንድ ክፍል ተምራለች። ለፋፊ ነው፤ ፈሪ ግን አይደለም።

በማግስቱ ወደ መንደሩ ወጣች። ሎይዜ አውቶቡሱን የሚያሳድረው ተራራው አናት ላይ፣ ቤቱ ደጃፍ ነው።

"ቀበቶሽን እሰሪ" አላት። "የሠራችውን ሴትዮ አውቃታለሁ፤ አላምናትም።"

"አንተ ስትገለብጥ እንጂ ስትነዳ አይቼ አላውቅም።"

ቁልቁል ሲወርዱ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሞተሩ ያዘ። ሁለተኛው ላይ ለቀቀ፤ ወለሉ ከሥሯ የሸሸ መሰላት። ሎይዜ ፍሬኑን ረገጠ። ሚሎይካ የባትሪውን መለኪያ አየች። መቶ።

"ሁልጊዜ እስከ አፉ ነው የምትሞላው?"

"በረዶ መንገድ በሚዘጋበት አገር ጎዶሎ ይዞ የሚወጣ ማን ነው? ከተማ ገብተሽ ረሳሽው?"

ገባት። ሙሉ ባትሪ የሚመለስለትን ጉልበት የሚያኖርበት ቦታ የለውም፤ መቆጣጠሪያው ባትሪውን ለማዳን ሲል መያዙን ይተዋል። ፋብሪካው ሸለቆ ውስጥ ነው። ሙከራው ሁሉ ዳገት በመውጣት ስለሚጀምር፣ ለመውረድ ሲደርሱ ባትሪው ጎድሏል። ከላይ ጀምሮ የሞከረ የለም። እሷ ደግሞ የዚያው ተራራ ልጅ ናት፤ እናቷ ማገዶ ቤቱ እስከ ጣሪያው ሳይሞላ ክረምት አይገባባትም ነበር።

ቦጎሚር ሎይዜ ዘጠና ላይ መሙላቱን እንዲያቆም ይነገረው አለ። እሷ እምቢ አለች። እዚያ ላይ ማንም ሰው አያጎድልም፤ አጉድሉ ማለትም ነውር ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሞተር ጉልበት በሙቀት እንዳያባክን ስትታገል ኖራ፣ ሦስት ቀን ተቀምጣ ሆን ብሎ እንዲያባክን አስተማረችው፦ ባትሪው ሲሞላ ሞተሩ መያዙን ሳይተው የሚመጣውን ጉልበት በራሱ ሽቦ ውስጥ ያቃጥል፤ የሚያቀዘቅዘው ውኃም ሙቀቱን ተሸክሞ በመቀመጫዎቹ ሥር ይለፍ። የብልሽት ቅጹ ላይ ምክንያት በሚለው ቦታ ጥፋቱ የሾፌሩ ሳይሆን የኔ ነው ብላ ፈረመች። ቦጎሚር ቃሉን እንድታለዝበው ለመናት። አላለዘበችም።

ዓርብ ጠዋት ሎይዜ መቶ ሞልቶ፣ ሚሎይካንና ተሳፋሪዎቹን ይዞ ተነሣ። አሥራ አንዱንም ኩርባ ፍሬን ሳይነካ ወረደ። ታች ሲደርስ እጁን ከመሪው ላይ አነሳ።

"ማዘጋጃ ቤቱን ዛሬውኑ ይይዛል እለዋለሁ" አለ። "አንቺ ጡረታ ወጥተሽ ቢለቅብኝስ?"

"ትደውልልኛለህ።"

"ታነሺዋለሽ?"

"ለመነዝነዝ ካልሆነ።"

ከኋላቸው አንዲት ሴትዮ መቀመጫው ሞቀ ብላ ካፖርቷን አወለቀች።