ያላየሁት ሐውልት

በ2007 ዓ.ም. ሪያድ ውስጥ የሠራሁት ሥራ ዛሬም ብቻዬን ሆኜ ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል። ሰው አልገደልኩም፣ አልሰረቅኩም። በአንድ ፎቶ ዋሸሁ፤ ይኸው ነው።

ነሲም በሚባለው ሰፈር የኩላሊት እጥበት በሚሰጥ ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። እትዬ ዘይነብ የምትባል ያገሬ ሴት በሠራተኝነት የተቀጠረችበት ቤት አሮጊት በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣሉ፤ የምታመጣቸው እሷ ናት። እሳቸው ማሽኑ ላይ ሲተኙ ሁለታችን የወሎ ልጆች ወሬያችንን እንሰልቃለን።

ታናሽ ወንድሟ ሰይድ ባድመ ዘምቶ እዚያው ቀርቷል። መርዶው መጣ እንጂ አስከሬኑ አልመጣም። እናታቸው በር በሩን ሲያዩ ነው የሞቱት። በዚያው በ2007 የትውልድ ከተማዋ ለወደቁት ወታደሮች ሐውልት ማቆሙን በስልክ ሰማች። እኔ ለእረፍት አገር ቤት ልሄድ ስል እጄን ያዘችኝ።

«እህቴ፣ መቃብር እንኳ የለውም። በአላህ፣ ያንን ሐውልት ፎቶ አንስተሽ አምጪልኝ።»

ኢንሻአላህ፣ ምን ችግር አለው፣ አልኳት።

ከተማዋ ደሴ ካለው ቤታችን የሁለት ሰዓት መንገድ ናት። ሠርግ መጣ፣ ዘመድ መጣ፣ ዛሬ ነገ ስል እረፍቴ አለቀ። ነገሩ ትዝ ያለኝ አውሮፕላን ማረፊያ ቁጭ ብዬ ነው። አይ እኔ! ፌስቡክ ከፍቼ የሌላ ከተማ ሐውልት ፎቶ አወረድኩ። ጠመንጃ ያነገተ ወጣት ወታደር ነው። ሐውልት ያው ሐውልት ነው ብዬ።

ስልኩን ስሰጣት በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። ፊቱን በጣቷ እያጎላች ብዙ አየችው።

«ግንባሩ የሰይድ ነው» አለች።

እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። እያለቀሰች ትስቅ ነበርና ደስታዋን ላለማበላሸት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። የፈራሁት ግን ለራሴ ነው። ፎቶውን ላክሁላት። ከዚያ ወዲያ ለፊሊፒኖዎቹ ነርሶች ሳይቀር ወንድሜ ነው እያለች ስታሳይ እኔ መርፌ የምፈልግ መስዬ ዞር እላለሁ።

ከሦስት ወር በኋላ አሮጊቷ ሞቱ። እትዬ ዘይነብም ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ተመትቶላት ጠቅልላ አገሯ ገባች። ብዙም ሳይቆይ ደወለችልኝ። ሐውልቱ ሥር ቆማለች። የእነሱ ሐውልት ለካ ሰው የለበትም፤ ባዶ የድንጋይ ዓምድ ነው።

«እህቴ፣ ልጁን የት ወሰዱት?»

ለጥገና ወስደውት ይሆናል የሚል ነገር አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት። እየተንተባተብኩ እውነቱን ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ብትሰድበኝ በወደድኩ። «ኸላስ፣ በቃ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ደጋግሜ ደወልኩ፣ አላነሳችም።

የሰይድን ሁለተኛ መርዶ የነገርኳት እኔ ነኝ። ይቅርታዬን እንኳ አልሰማችኝም። አሁንም በየእረፍቴ ደሴ እሄዳለሁ፤ ያቺን ከተማ ግን እስከ ዛሬ አልረገጥኳትም።