ከጥበቃው ውጭ የተጻፈው መንገድ

በ2007 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ በቡሬ ዙሪያ ባለች አንዲት ቀበሌ የሚኖሩ ሴት ከባላቸው ጋር በጋራ የያዙት የበርበሬ ማሳ፣ እሳቸው ሳይጠየቁ ለእንጀራ ልጃቸው በስጦታ ተላለፈ። ዝውውሩ የተፈጸመው እኔ በሠራሁት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ የተሠራው ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር እንዳይፈጸም ነበር። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት እንደሆኑ ማስረዳት የሚገባው ሰው እስከ ዛሬ አላስረዳም።

የፕሮግራሙን አደረጃጀት ሳልናገር በደሉን መናገር አልችልም። ሰርቨሩ ፍኖተ ሰላም ነበር፤ በየወረዳው ያሉ ባለሙያዎች በኮምፒውተራቸው የሚልኩት ጥያቄ ሁሉ ወደዚያ ይደርሳል። የተጠቀምሁበት ፍሬምወርክ ለዚህ ዓይነት ሥራ አስቀድሞ የተበጀ አጽም ነው፤ ሥጋውን የምታለብሰው ፕሮግራሙን የምትጽፈው ናት። የሚገባ ጥያቄ በመጀመሪያ የመንገዶችን ማውጫ ያገኛል። ማውጫው የትኛው ጥያቄ ወደየትኛው ተቀባይ ክፍል እንደሚሄድ ይነግረዋል። ተቀባዩ ክፍል ጥያቄውን ያስተናግዳል፤ የመሬቱን መረጃ ሲፈልግ ግን ራሱ አይነካም፣ ለመረጃው ብቻ የተመደበውን ክፍል ይጠይቃል። በመጨረሻም መልሱን በገጽ ላይ አሰናድቶ የሚያሳይ ሌላ ክፍል አለ። ገጹን የሚያሰናዳው ስለ መሬት ሕግ አንዳች አያውቅም። መረጃውን የሚይዘው ማን እንደ ጠየቀ አያይም። እያንዳንዱ፣ ከፊቱ ያለው ሥራውን ፈጽሟል ብሎ አምኖ ይሠራል። ይህ መተማመን የአሠራሩ ውበት ነው እያልሁ ለተማሪዎቼ አስተምር ነበር።

ማውጫው ከተቀባዩ በፊት ጠባቂ ለማቆም ይፈቅዳል። እኔ የዝውውር መንገዶችን ሁሉ፣ ስጦታውንም ኪራዩንም ልውውጡንም፣ በአንድ ቡድን አጥሬ በራቸው ላይ አንድ ጠባቂ አቆምሁ። የሚጠይቀው ነገር አንድ ነው፦ በይዞታው ላይ ስማቸው የሰፈረው ሁሉ በአካል ቀርበው አሻራ ሰጥተዋልን? አንዱ ከጎደለ ጥያቄው ከበሩ ይመለሳል።

ከዚያ ኅዳር ቀደም ብሎ፣ ፕሮግራሙን ቡሬ ላይ ሥራ ያስጀመርንበት ዕለት ገበያ ነበር፤ ወረፋው ከግቢው አልፎ መንገድ ደርሷል። የቡሬው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው፣ ከኋላዬ ቆሟል። አንድ ገበሬ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ቀረበ። መሬቱን ሊያከራይ ነው። ፕሮግራሙ መለሰው።

«ምን አለ?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«ሚስቱ ራሳቸው ይምጡ ነው የሚለው» አልሁ።

«እሷማ ለቀማ ላይ ናት። ቃሏን እኛ ይዘን መጥተናል።»

«ቃል አይቀበልም፣ አባቴ። አሻራ ነው የሚቀበል።»

«ሽማግሌ አያከብርም በይና።»

«አያከብርም። አይንቅምም።»

ወረፋ የያዙት ሳቁ። ሁለተኛው ሽማግሌ ስክሪኑን በአገጫቸው እየጠቆሙ፣ «ለዳኝነት ይሆን እንደሆነ እንጂ ለጉርብትናስ አይሆንም» አሉ።

በአገራችን ሽማግሌ የሌላውን ቃል ይዞ ይሄዳል። ልጅ የሚዳረው፣ ደም የሚደርቀው፣ ወሰን የሚካለለው በዚህ ነው። ሽማግሌን «በእርግጥ ከአፏ ሰምተዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ይህን ነውር የሚደፍር አንድ ነገር በዚያ ቢሮ እንዲኖር ነበር ጠባቂውን የሠራሁት።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «ዶክተር፣ ለገበያ ቀን እንኳ ላላ ቢል?»

«ለገበያ ቀን የሚላላ ከሆነ ለምን እንዘጋዋለን?»

«እርስዎ ፕሮግራም ነው የሚመሩ። እኔ ሕዝብ ነው።» ፈገግ ብሎ ተነሣ። ጉዳዩን ዳግም አላነሣውም። ተስማማ ብዬ ወሰድሁት።

በግንቦት እኒያ ሴት ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ድረስ በአውቶቡስ መጥተው የቢሮዬን በር አንኳኩ። በይዞታ ምዝገባው ወቅት አሻራቸውን የተቀበልሁት እኔ ነበርሁ።

«አንቺ ነሽ ያቺ ጣቴን በመስተዋቱ ላይ ያስነካሽኝ?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ያን ዕለት ምን አልሽኝ? ያለዚህ ጣት ማንም አይወስድብዎትም አላልሽኝም?»

«ብያለሁ።»

«ጣቴ ይኸው፣ እጄ ላይ ነው። መሬቱ የታል?»

የእንጀራ ልጃቸው በሬዎቹን ጠምዶ ማሳው ላይ እንደ ደረሰባቸው ነገሩኝ። «አባቴ ሰጥቶኛል፤ ካላመንሽ ቢሮ ጠይቂ» ብሏቸዋል። ባላቸው አጠገቡ ቆመው መሬት መሬት አዩ። የበርበሬ ችግኝ ያፈሉበት መደብ ከማሳው ጥግ ነበር። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ይዞታው ካልተመለሰ መደቡ ይገለበጣል፤ እሱ አንዴ ከተከለ ደግሞ ማንም ቀበሌ አያነሣውም። ይህን ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። የዚያ አገር ልጅ ነኝ።

በማግስቱ አብረን ቡሬ ወረድን። የመንገዶቹን ማውጫ ከፈትሁ። ያጠርሁት ቡድን እንዳለ ነው፤ ጠባቂውም በቦታው ቆሟል። ከቡድኑ በላይ ግን እኔ ያልጻፍሁት አንድ መንገድ ነበር፤ ስጦታ በተወካይ የሚል። ጠባቂው ሳያየው በቀጥታ ወደዚያው ተቀባይ ክፍል ይገባል። ተቀባዩም፣ እንደተሠራበት ሥርዓት፣ በበሩ የመጣ መስሎት ያስተናግደዋል። መንገዱ የተወካዩን ስም እንኳ አይጠይቅም።

ሰርቨሩን ከዚያው ሆኖ እንዲጠግን ያስተማርሁት የቡሬው ባለሙያ ከጎኔ ተቀምጧል።

«የጻፍኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«ጠባቂውን ለምን አላነሣኸውም ታዲያ?»

«እሱ ይቆይ ተባልሁ። ከበላይ ለቁጥጥር ሲመጡ የሚታየው እሱ ነው።»

«ማን ነው ያለህ?»

ኃላፊው በሩ ላይ ቆሟል። ባለሙያው ዞሮ አላየውም። «ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ዶክተር» ብቻ አለ።

ሴትዮዋ ወደ ኃላፊው ተጠጉ። «አንተ ታውቀኛለህ። የልጅህ ክርስትና ለት ቤትህ ነበርሁ። ጠይቀኸኛል ወይ?»

«እናቴ፣ ሽማግሌዎች ቃልዎን ይዘው መጥተዋል።»

«የትኞቹ ሽማግሌዎች?»

«የተከበሩ ሰዎች ናቸው።»

«ስም የላቸውም?»

«ሲስተሙ ተቀብሎታል፣ እናቴ። ሲስተሙን የሠሩት ደግሞ ይኸው አጠገብዎ አሉ።» ይህን ሲል የሚያየው እኔን ነበር፤ ድምፁም እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነው።

ስጦታውን የሚሽረውን ጥያቄ እዚያው፣ እሳቸው እያዩ፣ በትክክለኛው መንገድ ላክሁ። ጠባቂው መለሰው። አሁን በይዞታው ላይ ስሙ የሰፈረው የእንጀራ ልጁ ነው፤ መሬቱ ከስሙ ሊወጣ የሚችለው እሱ ቀርቦ አሻራ ሲሰጥ ብቻ ነው። ጠባቂዬ እንዳዘዝሁት ሠራ። ሌባው በአጥሩ ቀዳዳ ገብቶ፣ አጥሩ አሁን ለእሱ ይጠብቅለታል።

«እምቢ አለሽ?» አሉኝ።

«እምቢ አለኝ።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ደረጃው ላይ ተከትያቸው ፍርድ ቤት እንሂድ አልሁ። ሄድን። ፍርድ ቤቱ ማስረጃ እንዲልክ ጽሕፈት ቤቱን ጠየቀ፤ ጽሕፈት ቤቱ ከፕሮግራሙ የወጣውን ገጽ አትሞ ላከ። ገጹ ጥርት ያለ ነበር፤ ስጦታው በየትኛው መንገድ እንደ ገባ አያሳይም። ቀጠሮው ወደ ሐምሌ ተሸጋገረ። ዝናቡ በሰኔ ገባ፤ መደቡ ተገለበጠ።

ጉዳዩን ለማጣራት ፍኖተ ሰላም ላይ በተጠራ ስብሰባ ኃላፊው የቴክኒክ ስህተት ተፈጥሯል ሲል አስረዳ። ጥበቃው ለምን በአንድ በር ብቻ እንደ ተወሰነም እኔን ጠየቀ። አጥር ያፈረሰ ሰው ሁለተኛ አጥር አልነበረም ብሎ አይከራከርም አልሁት። ሰብሳቢው ስሜታዊ እንዳልሆን መከሩኝ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የይለፍ ቃሌ ሰርቨሩን አይከፍትም። በተወካይ የሚለው መንገድ ግን ሥራውን ቀጥሎ እንደነበር ከባለሙያው ሰምቻለሁ።

ሴትዮዋ ዛሬ በሰው ማሳ ላይ ተቀጥረው በርበሬ ይለቅማሉ። ኃላፊው ጡረታ ወጥቶ በሰላም ይኖራል፤ በየሠርጉም ለሽምግልና ይጠራል። ማን አዘዘ ብዬ አልጠይቀውም። እሱ እንዳዘዘ እሱም እኔም እናውቃለን። የምጠይቀው ሌላ ነው፣ መልሱንም በጽሑፍ እፈልጋለሁ። በዚያ ኅዳር፣ የእኒያን ሴት ቃል ይዤ መጥቻለሁ ያለ ሽማግሌ በቢሮህ ደጃፍ ቆሞ ነበርን? ቆሞ ከሆነ ስሙን ጻፍ። አንድም ሽማግሌ ካልመጣ፣ አልመጣም ብለህ ጻፍ።