ባሕር ዳር ደርሳ የቀረችው እህቴ

እናታችን ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ዱባይ የምትሠራው እህቴ ደወለችልኝ። «ከዱባይ አዲስ አበባ አራት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ባሕር ዳር አንድ ሰዓት። ነገ እደርሳለሁ በላቸው» አለችኝ።

ስነግራቸው እናቴ ፈገግ አሉ። «ሩቅ አገር ነው ስትሉኝ ኖራችሁ፤ ይኸው ከፈረስ ቤት ገበያ መልስ አይበልጥም!»

እህቴ እንዳለችው በማግስቱ ባሕር ዳር ገባች። ከባሕር ዳር ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወስደው መንገድ ግን በዚያው ጠዋት ተዘጋ፤ ከመናኸሪያው የሚወጣ መኪና ጠፋ። ስትደውል ስልኩን እናቴ ጆሮ ላይ እይዝላቸዋለሁ። «አይዞሽ፣ አትቸኩዪ» ይሏታል። በሦስተኛው ቀን አረፉ።

መንገዱ ሲከፈት እህቴ መጣች። ሻንጣዋን እንደያዘች በለቅሶው ድንኳን መሐል ቆማ፣ «ባሕር ዳር እኮ ነበርኩ፤ እዚሁ ባሕር ዳር» እያለች አለቀሰች።