የትልቁ ኦርቪል ወንበር

ኦርቪል ስታምፐር ሃምሳ ስድስት ዓመት ሞልቶት፣ ጸጉሩ ሸብቶ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ ዕድሜውን ፈጅቶም፣ በሃርሎው መንደር "ትንሹ ኦርቪል" ከመባል አልዳነም። አባቱም ኦርቪል ስታምፐር ነበሩ፤ ትልቁ ኦርቪል። እኛ የኦሃዮ ወንዝ ዳር ሰዎች ለበኩር ልጅ የአባቱን ስም እንዳለ መስጠት እንወዳለን፤ ከስሙ ጋር ተጠቅልሎ የሚመጣውን ጣጣ ግን ማንም አያስብም። ደብዳቤው የመጣው ትልቁ ኦርቪል በሞቱ በሦስተኛው ዓመት ነው።

የላከው አሮጌ ዕዳ በርካሽ እየገዛ የሚያስከፍል ድርጅት ነበር። ኦርቪል ስታምፐር ከአንድ የቤት ዕቃ መደብር በዱቤ ለወሰደው ዕቃ ከነወለዱ አራት ሺህ ሦስት መቶ ዶላር አለበት ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ፣ ዕዳው የኔ አይደለም ካሉ በሠላሳ ቀን ውስጥ ጽፈው ያሳውቁን፣ ማስረጃውን እስክንልክልዎ መጠየቃችንን እናቆማለን ይላል። በዚያ ወረቀት ላይ ለሰው የሚጠቅም ነገር ቢኖር ይቺው ብቻ ነበረች፤ እሷንም ዓይን በሚያጠፋ ፊደል ጽፈዋታል።

ትንሹ ኦርቪል ከቤት ዕቃ መደብር በዱቤ የገዛው አንድም ነገር የለም። ደብዳቤውን እንደያዘ ዓይኑ ወደ ጥጉ ሄደ። እዚያ የአባቱ ተንጋላይ ወንበር አለ። ሽማግሌው ሳንባቸው ሲደክም፣ አልጋ ላይ ተጋድመው መተንፈስ ሲያቅታቸው የገዙት ነው፤ እስኪሞቱ ድረስ የተኙትም እሱ ላይ ነው። ገንዘቡን ከየት አመጣኸው ሲላቸው፣ "አንተ ምን አገባህ?" ብለው ዘግተውታል። ዕድሜ ልካቸውን ለማንም አንድ ሳንቲም የለብኝም እያሉ አፋቸውን ሞልተው የሚናገሩ ሰው! ልጅየው ልቡ ስብር አለ። "ውሸታም ሽማግሌ" አለ ለብቻው።

ሚስቱ ዳርላ መድኃኒት ቤት ሒሳብ ተቀባይ ናት፤ ደቃቅ ፊደል ማንበብ ሥራዋ ነው።

"ጻፍላቸው" አለችው። "አላውቀውም፣ አሳዩኝ በላቸው። አንድ መስመር ናት።"

"ከዚያስ? የአባቴ ነው ልበላቸው?"

"የማን እንደሆነ እነሱ ያሳዩ። አንተን ማን ዳኛ አደረገህ?"

"ዳርላ፣ በኛ ቤት ዕዳ ይከፈላል እንጂ ወረቀት አምጡ አይባልም።"

እውነቱን ነው፤ እዚህ አካባቢ አበዳሪውን ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው እንደ ግማሽ ሌባ ነው የሚታየው። ዳርላ እኔ ልጻፈው ብትለው ደብዳቤውን ከእጇ ቀምቶ አውቶቡሱ ውስጥ ደበቀው። ብትለምነው፣ ብትቆጣው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሠላሳው ቀንም አለፈ። እሱ ክብር ነው ይላል። እኔ ድርቅና ነው የምለው።

ከዚያ ከድርጅቱ ስልክ ተደወለ። ሰውየው ትሑት ነው፤ ንግግሩ እየተቀዳ መሆኑንም በጨዋ ደንብ ተናገረ። ኦርቪል ስታምፐር እርስዎ ነዎት ወይ ብሎ ጠየቀ።

"ነኝ።"

"ዕዳውን ያምኑታል?"

"የስታምፐር ዕዳ ከሆነ እከፍለዋለሁ" አለ ኦርቪል። በቃ፣ በገዛ አፉ ራሱን አሰረ።

ብስጭቱ ግን በአባቱ ላይ ነበር። ሽማግሌው በእጃቸው የሠሩት፣ እሱንም ዓሣ ማጥመድ ያስተማሩበት ጠፍጣፋ የእንጨት ጀልባ ነበር። የራሱ ዕቃ የራሱን ዕዳ ይክፈል ብሎ፣ የአባቱ ጓደኛ ለነበሩት ለሽማግሌው ሆበርት በስድስት መቶ ዶላር ሸጠው። ገንዘቡን እንዳለ ላከ፤ ቀሪውን በየወሩ እከፍላለሁ ብሎ ቃል ገባ። በግንቦት፣ መንደሩ ሁሉ የዘመዶቹን መቃብር አጽድቶ አበባ ሲያኖር፣ ትልቁ ኦርቪል ላይ ሣሩ እንደበቀለ ቀረ። ልጃቸው ዝር አላለም።

ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአውቶቡስ ሹፌር ደሞዝ የለውም። ሁለት ወር ሳይከፍል ቢቀር ድርጅቱ ከሰሰው። መጥሪያው ደረሰው። ዳርላ በእንባ ለመነችው፤ አልሄደም። ዳኛው የመንደሩ ልጅ ናቸው፤ በሳቸው ፊት ቆሜ አባቴ ተበድሮ ሞተ አልልም አለ። ተከሳሽ ካልቀረበ ዳኛ ምን ያደርጋል? በሌለበት ፈረዱበት፤ ከደሞዙ ሩቡ ከእጁ ሳይገባ መቆረጥ ጀመረ። የማሞቂያ ጋዝ መግዣ አጥተው የብርዱን ወራት ካፖርት ለብሰው ነው ያሳለፉት።

ጸደይ ላይ ዳርላ ለማንም ሳትናገር ፍርድ ቤት ሄዳ መዝገቡን አውጡልኝ አለች። መጀመሪያውኑ ቢጠየቅ ኖሮ ይላክ የነበረው የመደብሩ ወረቀት እዚያ ተያይዟል። ዱቤው የወንበር አይደለም። የልጆች ተደራራቢ አልጋ ነው፤ የተወሰደው ሩቅ ከተማ፣ ትልቁ ኦርቪል ከተቀበሩ ከዓመት በኋላ። ፈራሚው ሌላ ኦርቪል ስታምፐር ነው፤ የልደት ዘመኑ ከአባትም ከልጅም የማይገጥም፣ ማንም የማያውቀው ሰው። ዳርላ ወረቀቱን ለባሏ አሳየችው። ለድሆች በነጻ የሚከራከር አንድ ጠበቃ ፍርዱን ለማስነሣት እሞክራለሁ አለ፤ ግን ከፍለሃል፣ በድምፅህ አምነሃል፣ መጥሪያ ደርሶህ ቀርተሃል፣ ብዙ ተስፋ አታድርግ አለው።

ኦርቪልን የቆጨው ግን ደሞዙ ሳይሆን የሸጠው የአባቱ ጀልባ ነበር። ሐምሌ ላይ እየተበደረ ትንሽ ገንዘብ ቋጥሮ ሆበርት ቤት ሄደ። ጀልባው ጓሮ ነው። ወለሉ በስብሶባቸው አፈር ሞልተው ቲማቲም ተክለውበታል።

"መልሰው እንዲሸጡልኝ ነበር የመጣሁት" አለ።

ለምን እንደሸጠው ሆበርት ያኔ አልጠየቁትም ነበር። አሁን ሲጠይቁት ሁሉንም ነገራቸው፤ ወንበሩን፣ ዱቤውን፣ አባቱን የጠረጠረበትን።

"ያንን ወንበር እኔ ነኝ በመኪናዬ ያመጣሁለት" አሉ ሆበርት። "እናትህ ያጠለቀችለትን ቀለበት ሸጦ በጥሬው ነው የከፈለው። አፍሮ ነበር፤ በቁሜ ለልጄ እንዳትነግር ብሎ አስማለኝ።"

"ከሞተ በኋላስ?"

"ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር ልጄ። መች ጠየቅከኝ?"

ሆበርት ጎንበስ ብለው ከጀልባው ውስጥ የቀላውን የቀላውን ቀጥፈው በከረጢት ሰጡት፤ እምቢ ማለትም አልቻለም። ቤቱ ሲገባ ዳርላ ከየት ነው አለችው።

"ከአባቴ ጀልባ" አላት፤ ከረጢቱንም ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ቲማቲሙን ማንም አልበላውም።