የአባባ ልብ የመውጫ ፈቃድ

ከናዝሬት የወጣን ዕለት አባባ ከቤታችን እስከ አውቶቡስ ተራ አራት ጊዜ ቆመው አረፉ። ሰው እንዳይታዘባቸው በቆሙ ቁጥር የጎረቤት አጥር የሚመረምሩ ይመስሉ ነበር። ሆላንድ ለሕክምና እንደምንሄድ ለማንም አልተናገርንም፤ ቀበሌው በሙሉ ግን ያውቃል።

አባባ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የእንፋሎት ቧንቧ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሕመማቸው የታወቀው ኅብረት ሱቅ ለስኳር ተሰልፈው ራሳቸውን ስተው ሲወድቁ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስኳር ያመረቱ ሰው በስኳር ሰልፍ ወደቁ። ሰልፈኛው ደግ ነው፤ ውሃ ረጭቶ አነሣቸው፣ ተራቸውንም ጠበቀላቸው።

አዲስ አበባ የመረመራቸው ሐኪም፣ "ደም ከልብ የሚወጣበት ቫልቭ በዕድሜ ደንድኖ ጠቧል። መድኃኒት አያሰፋውም፤ መለወጥ አለበት፤ እዚህ ደግሞ አይሠራም፤ የሚለውጡት ውጭ አገር ነው" አላቸው።

"እኛ ቫልቭ የምንለውጠው ፋብሪካውን አቁመን ነው" አሉ አባባ።

"እነሱም ልብዎን ያቆሙታል።"



ድሮ ፋብሪካው ውስጥ አለቃቸው የነበሩ ሆላንዳዊ መሐንዲስ አገራቸው ሆስፒታል አገኙልን። ለመውጫ ፈቃድ የቀረው የቀበሌ ደብዳቤ ነበር። ሊቀመንበሩ የሐኪሙን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ጋሽ ዳዲ፣ ልብዎ ጠቧል ይላል።"

"አዎ፣ ይላል።"

"የጠበበው ከአብዮቱ በፊት ነው፣ በኋላ?"

አባባ አብራን የመጣችውን እናቴን አዩ። "በፊት ነው፣ ጓድ።"

ይህች መልስ አዳነችን። "በፊውዳሉ ሥርዓት የደረሰ ጉዳት" ብሎ ጽፎ ማኅተሙን መታ። እኔም አስታማሚ ተብዬ ተመዘገብኩ።

ሆላንድ ሰማዩ እንደ ረጠበ ብርድ ልብስ ጭንቅላታችን ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቀን። ቡና ሲጋብዙ አንድ ብስኩት ሰጥተው ቆርቆሮውን ይከድናሉ። እኛ አገር እንግዳ "በቃኝ" እስኪል ይለመናል፤ እዚያ ቆርቆሮው ራሱ በቃህ ይላል። ሥራቸው ግን ሥራ ነው። የአባባን ደረት ከፍተው ሰው ሠራሽ ቫልቭ አስገቡላቸው፤ ከወር በኋላ የሆስፒታሉን ደረጃ ሳያርፉ ወጡት። ላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩኝ አለቀስኩ።

ሲያሰናብቱን ሐኪሙ የደም ማቅጠኛ ክኒን ዕድሜ ልካቸውን እንዲወስዱ፣ ካቋረጡ ቫልቩ በረጋ ደም እንደሚዘጋ ነገረን። ናዝሬት ክኒኑ የለም። መሐንዲሱም ክኒን እየገዙ ለመላክ አርጅተዋል። አባባ ወደ እናቴ ተመለሱ፤ እኔ ክኒን ልልክ ቀረሁ።

የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ያለው ሰው፣ "በሽተኛው የት አሉ?" አለኝ።

"አገራቸው ገቡ።"

"ታዲያ እዚህ ማንን ነው የምታስታምሚው?"

የቤት አከራዬ ደግሞ ወጥ ስሠራ ብቅ ብላ፣ "ስንት ሰው ጋብዘሽ ነው?" ትላለች።

"ለራሴ ነው።"

"ሽታው ለስድስት ሰው ይበቃል።"

ባለፈው እሁድ አባባ ናዝሬት ቴሌ ሄደው ደወሉልኝ። መስመሩን የሚያዳምጥ ስለማይጠፋ መቼ እንደምመለስ አይጠይቁኝም፣ እኔም አላነሣም። ክኒኑ እንደደረሳቸው፣ ገበያ በእግራቸው ሄደው እንደሚመለሱ ነገሩኝ።

"እናትሽ፣ ልብህ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ እያለ እንቅልፍ ነሣኝ ትላለች" አሉ። "ቆይ፣ አንቺም ስሚው።"

መነጋገሪያውን ደረታቸው ላይ አደረጉት። ከጎናቸው አንዲት ሴት "ሃሎ፣ ሃሎ" ትላለች፤ ወዲያ ደግሞ ሰው ይሳሳቃል። ሌላ ምንም የለም። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

"ተሰማሽ?"

"ተሰማኝ፣ አባባ" አልኳቸው።